ባለቤት የሌለው የሚመስል ገንዘብ

መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ቅዳሜ ጠዋት ስነቃ ስልኬ ላይ ከወትሮው የበዛ መልእክት ተከማችቶ ጠበቀኝ። ከሁሉም አስቀድሜ የከፈትኩት፣ በሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የእህቴ ልጅ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ የላከልኝን የድምፅ መልእክት ነበር። በዚያ ሰዓት የሚመጣ ወሬ ደግ እንደማይሆን የለመድን ሰዎች ነንና ልቤ ደንግጦ ነበር ያዳመጥኩት። ከጀርባው የብዙ ወጣቶች ጫጫታና ሳቅ ይሰማል፤ እርሱም ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ «ጋሼ፣ ተኝተዋል እንዴ? ኤቲኤሙ የሌለንን ብር እየሰጠን ነው! ሰው ሁሉ እያወጣ ነው!» ይላል። መልእክቱ አሥራ አምስት ሰከንድ እንኳ አይሞላም። በኋላ ግን «ሰው ሁሉ» የሚለው ቃል ከጆሮዬ አልጠፋ ብሎ ቀረ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝም እርሱ ነው።

የሆነው ነገር ዛሬ በአደባባይ የታወቀ ነው። ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ በተለመደ የማሻሻያና የፍተሻ ሥራ ላይ ሳለ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሸ፤ ደንበኞችም በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ወደ ሌሎች ባንኮች ማዛወር ቻሉ። ባንኩ ነገሩን ደርሶበት አገልግሎቱን ለሰዓታት አቋረጠ፤ በብልሽቱ ጊዜ ግን ከ490,000 በላይ የገንዘብ እንቅስቃሴ ተካሂዶ ነበር። ወሬው በጽሑፍ መልእክትና በስልክ ጥሪ ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው ሮጠ፤ በየግቢው ባሉ ኤቲኤሞች ፊት በእኩለ ሌሊት ሰልፍ ተሠራ፤ ፖሊስ ደርሶ የበተነበትም ግቢ ነበር። የባንኩ ፕሬዚዳንት አቶ አቤ ሳኖ በቀጣዮቹ ቀናት በሰጡት መግለጫ ገንዘቡን ከወሰዱት አብዛኞቹ ተማሪዎች መሆናቸውን፣ በፈቃዱ የመለሰም እንደማይከሰስ ተናገሩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተወሰደ ተብሎ በውጭ መገናኛ ብዙኃን ሳይቀር ተዘገበ፤ ቆይቶ ባንኩ የገለጸው መጠን ወደ 14 ሚሊዮን ዶላር፣ በብር ከ800 ሚሊዮን በላይ ነበር።

ያን ቀን እኔ ራሴ ያደረግሁትን ሳልናገር ስለ ሌሎች መናገር አይገባኝም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ስለ ጉዳዩ የተሠሩ ሦስት ቀልዶችን ለሦስት ቡድኖች አስተላልፌ ነበር። አንዱ ሌሊቱን ተኝቶ ያሳለፈ ሰው ራሱን ይዞ ሲያለቅስ የሚያሳይ ምስል ነው። በሕይወቴ የሰው ሳንቲም ያላነሳሁ፣ ልጆቼንም እንደዚያው ለማሳደግ የምደክም ሰው ነኝ፤ ይሁን እንጂ ያን ምስል በላክሁ ጊዜ እጄ አልተንቀጠቀጠም። የብዙ ሰው ሳቅ ሲደርሰኝ መሳቄ የተፈጥሮ ነገር መስሎ ታየኝ። የእህቴ ልጅ ገንዘብ አውጥቶ እንደሆነ ለመጠየቅ እንኳ የደወልኩለት ከቀትር በኋላ ነው።

በእነዚያ ቀናት ሰው ይናገርባቸው የነበሩትን ቃላት መለስ ብዬ ሳነብ አንድ ነገር አስተዋልኩ። በማውቃቸው ገጾችና ቡድኖች ሁሉ «ሰረቀ» የሚል ሰው አላጋጠመኝም ለማለት እደፍራለሁ። የሚባለው «አወጣ» ነው፤ «ደረሰው» ነው፤ ያልወሰደውም ሰው «አመለጠኝ» ይላል። «አመለጠኝ» የምንለው ለአውቶቡስ፣ ለእጣ፣ ለሠርግ ግብዣ፣ ለዕድል ነው። የሌላ ሰው ገንዘብ እንዴት ያመልጠናል? ቋንቋው ድርጊቱን ከወንጀል መዝገብ አውጥቶ ከዕድል መዝገብ ያሰፈረው ገና ማንም ስለ ሕጉ ከማሰቡ በፊት፣ በሁለትና በሦስት ሰዓት ውስጥ ነበር። በኋላ ባንኩ፣ ዩኒቨርሲቲዎችና ፖሊስ ሌላ ቃል ይዘው ሲመጡ፣ የመጀመሪያው ቃል በሰው አእምሮ ውስጥ ቦታውን ይዞ ቆይቷቸዋል።

እርግጥ ነው፣ ይህን አመለካከት ቴሌግራምና ቲክቶክ ከባዶ አልፈጠሩትም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ከስልክ በፊት የነበረ ነው። ሙስና የሚለው ቃል ራሱ በግእዝ መበላሸትንና መጥፋትን የሚያመለክት ከባድ ቃል ሆኖ ሳለ፣ በዕለት ንግግራችን ቦታውን «በላ» ለሚለው የገበታ ግስ ለቅቋል፤ መብላት ደግሞ ማንንም የማያስቆጣ፣ እንዲያውም የሚያስመሰግን ነገር ነው። የመንግሥት የሆነ ሁሉ የማንም እንዳልሆነ አድርጎ የማየት ልማድ፣ ባለሥልጣን ሲወስድ ዝም ተብሎ ድሃው ሲወስድ ለምን ይጠየቃል የሚል ቁጭት፣ እነዚህ ሁሉ ከእኛ ጋር የኖሩ ናቸው። ያን ሰሞን በአስተያየት መስጫዎች ላይ በብዛት ያነበብኩትም ይኸው ነበር፦ ትልልቆቹ ቢሊዮን ወስደው ማንም ሳይነካቸው፣ ለምሳ የሚቸገር ተማሪ አምስት ሺህ ብር ቢያወጣ ምን ይደንቃል? ይህን የሚሉት ሰዎች ቁጭታቸው ከእውነት የራቀ ነው አልልም። ተረቱ ግን የተተረተው ስለ ተሿሚው ነበር፤ ለሕዝቡ ፈቃድ የሚሰጥ አልነበረም። በአንድ ሌሊት የተሿሚው ተረት የሁላችን ተረት ሲሆን አየሁ።

ለዚህ የረዳው፣ በእኔ ግምት፣ ስክሪኑ የሚያሳየንና የማያሳየን ነገር ነው። ባንኩ በወቅቱ ከ38 ሚሊዮን በላይ የሒሳብ ባለቤቶች ነበሩት። ከእነዚህ ውስጥ እጅግ አብዛኞቹ ያን ሌሊት ተኝተው ነበር፤ ነቅተው የነበሩትም ቢሆኑ ስለ ጉዳዩ ያልሰሙ፣ ወይም ሰምተው ያልነኩ ናቸው። ይሁን እንጂ የተኛ ሰው ቪዲዮ አይለቅም፤ ሰምቶ ያልነካ ሰውም «ዛሬ ምንም አላደረግሁም» ብሎ ፎቶ አይለጥፍም። የሚለጥፈው ብር የቆጠረው ነው፤ የሚታየው ሰልፉ ነው፤ የሚደመጠውም ጫጫታው ነው። ስለዚህ ከ38 ሚሊዮን ሰው በሺዎች የሚቆጠሩ ብቻ ያደረጉት ነገር በስልክ መስኮት ሲታይ «ሰው ሁሉ» ይሆናል። የእህቴ ልጅ አልዋሸኝም። በዓይኑ የሚያየው ሰልፍና በስልኩ የሚያየው ሰልፍ ተደማምረው በእውነት ሰው ሁሉ መስለውት ነበር። ሰው ሁሉ ያደረገውን ነገር ደግሞ ብቻውን ያላደረገ ሰው ራሱን እንደ ጨዋ አይቆጥርም፤ እንደ ሞኝ ይቆጥራል።

ከዚያ ያነሰ የተወራለት፣ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ የገንዘቡ ባለቤት ነው። በእነዚያ ሁሉ ቪዲዮዎችና ቀልዶች ውስጥ አንድም ጊዜ ያልታየው እርሱ ነው። በምስሉ ላይ ያለው ማሽንና ተማሪ ብቻ ነው፤ ማሽን ደግሞ አያዝንም። «ከባንክ ነው የወሰዱት፣ ከሰው አይደለም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከተማሩና ከተከበሩ ሰዎች አፍ ጭምር ሰምቻለሁ። ግን ባንክ ውስጥ ያለው ገንዘብ የማን ነው?

በእኛ ሕንፃ ምድር ቤት የምትኖር፣ ሁላችን እማማ እያልን የምንጠራት አሮጊት ጎረቤት አለችን። በ1997 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግባ፣ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ በድጋሚ ምዝገባው ስሟን አድሳ፣ ከእንጀራ ሽያጭ የምታገኘውን ጥቂት ብር በየወሩ ወስዳ በቁጠባ ደብተሯ ታስገባለች። ደብተሩ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከትራሷ ሥር ነው የሚያድረው። የሚቆጠበው ደግሞ በዚያው በንግድ ባንክ ነው፤ የ20/80ም ሆነ የ40/60 የቤት መርሐ ግብር ተመዝጋቢዎች ገንዘባቸውን የሚያስቀምጡት እዚያ ነውና። ያን ሰሞን ስለ ብልሽቱ ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ነገር፣ «የእኔ ደብተር ይነካል ወይ?» የሚል ነበር። እንደማይነካ አስረዳኋት፤ የባንኩ ኪሳራ ከእርሷ ሒሳብ ላይ እንደማይቀነስ ነገርኳት። እውነቴን ነው። ሆኖም ባንኩ አበድሮ የሚያተርፈው፣ ለተማሪውም ለነጋዴውም በኤቲኤም የሚሰጠው ብር እንደ እርሷ ካሉ ሰዎች ጠብታ የተጠራቀመ መሆኑም እውነት ነው። እርሷ ግን ቪዲዮ ውስጥ አልነበረችም። እርሷ ስትፈራ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

በዚህ ላይ የማነጻጽረው ሌላ ጉዳይ አለ። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የ25,791 የጋራ መኖሪያ ቤቶች እጣ ወጣ፤ በቀናት ውስጥም መረጃው ተነካክቶ፣ መብት የሌላቸው ሰዎች ተካተውበት መገኘቱ ታውቆ እጣው ተሰረዘ። ያኔም ነገሩ በሲስተም ላይ የተፈጸመ ነበር፤ ያኔም ጉዳዩ በማኅበራዊ ሚዲያ ነበር የተንሸራሸረው። ነገር ግን ያኔ የሳቀ ሰው አላስታውስም። ከአሥራ ሰባት ዓመት ጥበቃ በኋላ እጣዬ ተበላሸ የሚሉ እናቶች፣ በኪራይ ቤት ያረጁ አባቶች ፊታቸው በየገጹ ታየ፤ ሁላችንም ከመካከላቸው ቢያንስ አንድ ዘመድ ነበረን። ቁጣው እውነተኛ ነበር። እማማም ሦስት ቀን ሙሉ ሬዲዮኗን አልዘጋችም። በሁለት ዓመት ልዩነት የተፈጸሙ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ በአንደኛው የተጎጂው ፊት ታየና አለቀስን፣ በሌላው የተጠቃሚው ፊት ብቻ ታየና ሳቅን። እጣው የተበላሸባቸውና ገንዘባቸው በባንኩ ያለው ሰዎች ብዙዎቹ እነዚያው ነበሩ።

ተጎጂው ሲታይ ሁልጊዜ እናዝናለን ብዬ ግን ልደመድም አልችልም፤ የአክስቴ ነገር ይህን እንዳልል ይከለክለኛል። አክስቴ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። ከዓመት በፊት በቴሌግራም «ቤት ተቀምጠው ይሥሩ» የሚል ማስታወቂያ አይታ ገባች፤ ሥራው ቪዲዮዎችን መውደድና ገጾችን መከተል ነው ተባለች። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት 300 ብር፣ ከዚያም 500 ብር በእርግጥ ሒሳቧ ውስጥ ገባ። ቡድኑ ውስጥ ያሉ «ሠራተኞች» በየሰዓቱ የተከፈላቸውን የሚያሳይ ስክሪንሾት ይለጥፋሉ፤ ያለማቋረጥ እርስ በርስ እንኳን ደስ አለህ ይባባላሉ። ከፍ ወዳለው ደረጃ ለመግባት ማስያዣ ጠየቋት፤ እርሷም በሦስት ጊዜ 46,000 ብር ላከች። ከዚያ በኋላ ቡድኑ ጠፋ። በኋላ እንደተረዳነው ከዚያ ሁሉ ስክሪንሾት አብዛኛው የተሠራ፣ እንኳን ደስ አለህ የሚሉትም ሰዎች የአጭበርባሪዎቹ ሌላ ስም ነበሩ። ይህም «ሰው ሁሉ» ነበር፤ ልዩነቱ፣ እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚባለው ሕዝብ በእርግጥ የሌለ መሆኑ ነው።

አክስቴ ሌላው እንዲጠነቀቅ ብላ የደረሰባትን በፌስቡክ ጻፈች። ለእንደዚህ ያለ ድፍረት ምስጋና ይገባት ነበር። ያገኘችው መልስ ግን በአብዛኛው፣ «ሳይሠሩ መብላት ሲፈልጉ ነው»፣ «መምህርት ሆነሽ እንዴት ይህ ይጠፋሻል»፣ «ስግብግብነት ነው» የሚል ነበር። ገንዘቧን ስለ ወሰዱት ሰዎች፣ ስለ ተላከበት የሒሳብ ቁጥር ባለቤት፣ ሒሳቡ በማን መታወቂያ እንደተከፈተ የጠየቀ ሰው ከሁለት አይበልጥም። ጽሑፏን በማግስቱ አጠፋችው። ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ ከእኔ ጋር እንኳ አታወራም፤ ለፖሊስ ያቀረበችውን አቤቱታም መከታተል ትታለች፤ ለምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ «እዚያም ተመሳሳይ ነገር ይሉኛል» አለችኝ።

ባንክ ሲወሰድበት ባለቤት የለውም እንላለን፤ ግለሰብ ሲወሰድበት ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ጥፋተኛ ነው እንላለን። ሁለቱን አመለካከቶች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የሚያስጨንቀኝ፣ በሁለቱም ውስጥ ገንዘቡን የወሰደው ሰው ከወሬው መካከል መጥፋቱ ነው። በመጀመሪያው ጀግና ወይም ዕድለኛ ይሆናል፤ በሁለተኛው ከነጭራሹ አይነሳም። የገንዘብ ወንጀልን ለመከላከል ከሕግና ከፖሊስ በፊት የሚያስፈልገው፣ ተጎጂው አፍሮ እንዳይደበቅ የሚያደርግ የጎረቤትና የዘመድ ድጋፍ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አጭበርባሪው የሚተማመነውም በብልሃቱ ብቻ አይደለም፣ በተጎጂው ዝምታ ጭምር ነውና። ያንን ዝምታ የምንሠራለት እኛ ነን፤ በአንድ መስመር አስተያየት፣ ታክሲ ስንጠብቅ።

ስለ ንግድ ባንኩ ሌሊት ስመለስ፣ ሳቁ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየ መታወቅ አለበት፤ ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላም። ከወጣው ገንዘብ አብዛኛው ተመለሰ። ባንኩም ያልመለሱትን ከ500 በላይ ሰዎች ስምና ፎቶ አወጣ፤ በየቅርንጫፉም ለጠፈ። በሳምንቱ መጀመሪያ ላይ «ጎበዝ» ሲሏቸው የነበሩ ገጾች የፎቶዎቹን ዝርዝር እያጋሩ «ሌቦች» ማለት ጀመሩ። በዝርዝሩ ላይ ያየኋቸው ፊቶች የባንክ ደብተር ሲያወጡ የተነሱት ዓይነት ጉርድ ፎቶ ላይ ያሉ፣ ገና ጢም ያላበቀሉ ልጆች ነበሩ። ባንኩ ገንዘቡን የማስመለስ ግዴታ እንዳለበት አውቃለሁ፤ የእማማን ደብተር የሚጠብቀው እርሱ ነው። ሆኖም ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ በአገር ሁሉ ስልክ ውስጥ የገቡት እነዚያ ፎቶዎች ዕዳው ከተከፈለም በኋላ የሚነሱ አይደሉም። ከግድግዳ የተለጠፈ ወረቀት ዝናብ ያነሳዋል። ያን ሰሞን ልጆቹን ወደ ሰልፉ የገፋቸው ጭብጨባ እና በኋላ ያዋረዳቸው ስድብ ከአንድ አፍ የወጡ መሆናቸውን ሳስብ፣ የእነርሱ ጥፋት የእነርሱ ብቻ ሆኖ አይታየኝም።

ይህ የድህነታችን ወይም የአገራችን ጠባይ ብቻ ነው ለሚሉ ሰዎች የአሜሪካውን ጉዳይ አነሳለሁ። በዚያው ዓመት፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ የቼዝ ባንክ ኤቲኤም ብልሽት አለው፣ ቼክ አስገብታችሁ ወዲያው ገንዘቡን ማውጣት ትችላላችሁ የሚል ቪዲዮ በቲክቶክ ተሰራጨ። ሰዎች ስንቅ የሌለው ቼክ እየጻፉ አስገቡ፤ ባንኩ ቼኩን አጣርቶ ሳይጨርስ ገንዘቡን አወጡ፤ ሲያወጡም እየጨፈሩ ራሳቸውን ቀረጹ። ይህ ድርጊት በዚያ አገር ሕግ የቆየ ስም ያለው የቼክ ማጭበርበር ነው። በጥቅምት ወር ባንኩ ክስ መመሥረት ጀመረ፤ ከተከሰሱት አንዱ ከ290,000 ዶላር በላይ ዕዳ አለበት ተብሎ በቴክሳስ ሂዩስተን ፍርድ ቤት ተከሷል። እዚያም ነገሩ በሕዝብ አፍ የተጠራው «ብልሽት» ተብሎ ነው። ብልሽት ሲባል ያጠፋው ማሽኑ ይሆናል፤ ሰውየው በአጋጣሚ አጠገቡ የቆመ ነው። እኛም «ሲስተሙ ነው» ስንል የምንለው ይህንኑ ነው፤ ያውም በእኛ ጉዳይ ብልሽቱ እውነተኛ ስለነበር ሰበቡ ይበልጥ ያማልላል።

ያን ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ለእህቴ ልጅ ስደውልለት 4,000 ብር ማውጣቱን ነገረኝ። ሒሳቡ ውስጥ የነበረው 212 ብር ነው። ተቆጣሁት፤ ቁጣዬ ግን ጠዋት ያስተላለፍኳቸው ቀልዶች ትዝ ሲሉኝ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ፤ ከእነርሱ አንዱን የላክሁት እርሱ ላለበት የቤተሰብ ቡድን ነበርና። «ጋሼ፣ እርስዎም ሲስቁ ስላየሁ ብዙ አይቆጡም ብዬ ነበር» አለኝ፤ ነቀፋ አልነበረበትም፤ በቅንነት ነው የተናገረው። ስለ እማማ ደብተር ነገርኩት። ያውቃታል፤ በክረምት ሲመጣ ከእርሷ ዘንድ ነው እንጀራ የሚገዛው። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ ብሩ ገና በእጁ እንዳለ፣ ከመቶ ሃምሳ ብር በቀር እንዳልነካው ነገረኝ፤ የጎደለውን እኔ ላክሁለት።

ሰኞ ጠዋት ወደ ቅርንጫፉ ሄዶ መለሰ። ብዙ ተማሪ እንደነበር፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ እንደተሰለፈ፣ ስልኩን አውጥቶ የሚቀርጽ አንድም ሰው እንዳልነበረ በኋላ ነገረኝ። የገቢ ደረሰኙን ፎቶ አንስቶ ለእኔ ብቻ ላከልኝ። ዓርብ ለቅዳሜ ሌሊት የሰልፉን ቪዲዮ ገጹ ላይ ለቅቆ ስለነበር፣ ይህንንም ቢለጥፈው ለጓደኞቹ ይጠቅም እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ይህን ማን ያየዋል ጋሼ?» አለኝ።